የእናትም የአባትም ጥፋት ያልሆነ የሕፃናት ሕመም

ቡና ብትተክሉ ቡና፣ በቆሎ ብትዘሩ በቆሎ ይበቅላል። ለምን? የተክሉ ጠባይ በዘሩ ውስጥ ስላለ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሰውን አፈጣጠር የሚወስኑ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ክሮሞዞም ይባላሉ። 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት ይመጣሉ። በጠቅላላው 23 ጥንድ፣ ማለትም 46 ናቸው።

አንዳንድ ጊዜ ግን አከፋፈሉ ይዛባል። 18ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ይሆናል። ሕመሙን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ገለጹት «የኤድዋርድስ ሕመም» ይባላል። በሕይወት ከሚወለዱ 5000 ያህል ሕፃናት አንዱን ይይዛል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ሕፃኑ ሲወለድ በጣም ትንሽ ነው። ጡት ለመጥባት አቅም ያጣል። እጁን ይጨብጣል፤ ጣቶቹ ይደራረባሉ። ብዙዎቹ የልብ ጉድለት አለባቸው። ትንፋሻቸውም ይቋረጣል። እርግጡ የሚታወቀው ግን በደም ምርመራ ነው። ይህም ምርመራ በየሆስፒታሉ አይገኝም።

ታዲያ ሕፃኑ ይድናል ወይ? እውነቱን መናገር ይሻላል። ትርፉን ክሮሞዞም የሚያስወግድ መድኃኒት የለም። ከ10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ጥቂቶች ዓመታት ይኖራሉ፤ ዕድገታቸው ግን እጅግ የዘገየ ነው።

አንዳንድ ሰው «እርግማን ነው»፣ «ቡዳ በላው» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። እናት ከ35 ዓመት ስታልፍ ሕመሙ ይበረክታል፤ ነገር ግን ከወጣት እናትም ይወለዳል። በአብዛኛው ቤተሰብ ዳግመኛ የሚደርሰው ከ100 አንድ ጊዜ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ሚስቱን የሚፈታ ባል፣ ምራቷን የምትወቅስ አማት በደለኞች ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

1ኛ/ ሕፃኑን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ቦንጋ ወደ ገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ውሰዱት። ሊድን የሚችል ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላልና።

2ኛ/ ገላውን ከገላችሁ አድርጋችሁ አሙቁት። መጥባት ካቃተው ወተት በግድ አትጋቱት፤ ትን ይለዋል። አመጋገቡን የጤና ባለሙያ ያሳያችሁ።

3ኛ/ «ወደ ጅማ ውሰዱት» ከተባላችሁ፣ በሬ ከመሸጣችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። «ሕክምናው ዕድሜውን ያረዝማል? ወይስ ሥቃዩን ያቀልለታል?» በሉ። ሥቃይን ማቅለልም ሕክምና ነው።

4ኛ/ ጎረቤቶች ሆይ፣ እናቲቱን አትሽሿት። ውኃዋን ቅዱላት፣ እንጨቷን ልቀሙላት። እሷ ሕፃኗን ትቀፍ።