በጋሞ ዞን ገጠር የስኳር በሽታ መከላከልና ሕክምና

የስኳር በሽታ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከልክ በላይ ሆኖ የሚቆይበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ሲያንስ፣ ወይም ሰውነት በሚገባ ሳይጠቀምበት ሲቀር ይከሰታል። በጋሞ ዞን ገጠር ዋናው ችግር ርቀት ነው። የዞኑ ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ስትሆን፣ ብዙው ሕዝብ ግን በጨንቻ፣ በቦንኬና በሌሎች ደጋማ ወረዳዎች ይኖራል። የአንደኛው ዓይነት ሕመምተኛ ኢንሱሊን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ቀጠሮ ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ቀድሞ የተሞከረው በጎንደርና በጅማ ነው። የሆስፒታል ሐኪሞች የገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶችን አሠልጥነው ክትትሉንና መድኃኒቱን ወደ ሕመምተኛው መንደር አቀረቡ፤ በጎንደር ሥራውን ከመሩት አንዷ ዶ/ር ሽታዬ ዓለሙ ናቸው። በሽታው የጠገበ ከተሜ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም በዚያ ተፈትኗል፤ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭንና ድሆች ነበሩና። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም እ.ኤ.አ. በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሏል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አዘውትሮ የሚጠማውን፣ ሽንት የሚያበዛውንና የሚከሳውን ገበሬ ለምርመራ መላክ ይኖርባታል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። በቆላው ሙቀት ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ድስት ሊጠቀም ይችላል፤ ድስቱ የማቀዝቀዣውን ያህል ባያቀዘቅዝም መድኃኒቱን ከከፋ ሙቀት ያድናል። ጨንቻ ላይ ብርዱ ራሱ ያግዛል።

የአመጋገብ ምክርም ለእንጀራ በላተኛ የተዘጋጀው እንዳለ አይሠራም። የደጋው ዋና ምግብ እንሰት ነው፤ ቆጮና ቡላ በአብዛኛው ስታርች ስለሆኑ መጠናቸው ተቀንሶ ከባቄላ፣ ከአተርና ከጎመን ጋር ቢበሉ ይሻላል። በቆላው የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ከበቆሎ ጋር ይበላል። ቅጠሉ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች ስኳር ሲቀንስ ታይቷል፤ ይህ ግን መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበላ እርሻ ወይም ገበያ የሚሄድ ሰው ደግሞ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ ጥቂት ስኳር ወይም ሙዝ ይዞ መሄድ አለበት። ሙዝ ደግሞ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሞልቷል።