እሳቱ ከጠፋ በኋላ፦ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል እሳት አደጋ ተከላካዮችን የሚገድላቸው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 ከሌሊቱ መገባደጃ ላይ፣ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ በምትገኘው የበርንስቪል ከተማ፣ ሰባት ሕፃናት ወደነበሩበት አንድ መኖሪያ ቤት በተጠሩ ፖሊሶች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ፖል ኤልምስትራንድና ማቲው ሩጅ የተባሉ ሁለት ፖሊሶች ሕይወታቸው አለፈ። ሦስተኛው ሟች አዳም ፊንሴት ግን ፖሊስ አልነበረም። የ40 ዓመቱ ፊንሴት የከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ባልደረባና የአስቸኳይ ሕክምና ባለሙያ ነበር፤ የተመታውም የቆሰለ ሰው ለመርዳት ሲጣደፍ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ በኤደን ፕሬሪ በተካሄደው የስንብት ሥነ ሥርዓት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የሙያ ባልደረቦች ተገኝተው ሦስቱንም ሸኝተዋቸዋል።

ይህን የመሰለ ሞት ለምን እንደ ደረሰ፣ መቼ እንደ ደረሰና በሥራ ላይ ስለ መሆኑ ማንም አይጠራጠርም። ለዚህ ሙያ ግን የተለመደው ሞት ይህ አይደለም። በነበልባል ተከብቦ ወይም ጣሪያ ተደርምሶበት የሚሞተው እሳት አደጋ ተከላካይም ብዙ ሰው የሚገምተውን ያህል ብዙ አይደለም። አብዛኛው የሚሞተው ሁለት ነገሮች ሲያገኙት ነው፤ አንደኛው በሰዓታት ውስጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ በዓመታት ውስጥ ይገድላል።

የመጀመሪያው ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት በአሜሪካ በሥራ ላይ እያሉ ከሚሞቱት እሳት አደጋ ተከላካዮች 45 ከመቶ የሚሆኑትን የሚገድለው የልብ ሕመም መሆኑን አስፍሯል። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው የጊዜው ስሌት ነው። አንድ እሳት አደጋ ተከላካይ እሳት በማጥፋት ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ከጠቅላላ የሥራ ጊዜው ከ1 እስከ 5 ከመቶ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በልብ ሕመም ከሞቱት ውስጥ 32 ከመቶዎቹ የሞቱት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነበር። አጥኚዎቹ እሳት በማጥፋት ላይ ያለ ሰው በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉን ድንገተኛ ካልሆነ የጣቢያ ሥራ ጋር ሲያነጻጽሩት ከ10 እስከ 100 እጥፍ ከፍ ብሎ አግኝተውታል።

ምክንያቱን ለመረዳት ሰውነት በእነዚያ ደቂቃዎች የሚያልፍበትን መከተል ይበቃል። እንቅልፍ ላይ የነበረ ሰው ደወል ሲሰማ የልቡ ምት በሰከንዶች ውስጥ ያሻቅባል። ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ልብስ፣ የራስ ቁርና የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ይሮጣል። ልብሱ ከውጭ የሚመጣውን ሙቀት እንዲመክት የተሠራ ስለሆነ ከሰውነት የሚወጣውንም ሙቀት አያሳልፍም። ላብ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ የደም መጠን ይቀንሳል፣ ደም ይወፍራል፣ የመርጋት ዝንባሌውም ይጨምራል። በዚህ ላይ ጭስ ከገባበት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። የልብ ቧንቧው አስቀድሞ የጠበበ ሰው ከሆነ ለአደጋው የቀረ ነገር የለም። ብዙዎቹም እሳቱን አጥፍተው ወደ ጣቢያ ሲመለሱ ወይም ቤታቸው ከገቡ በኋላ የሚወድቁት ስለዚህ ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሕግ ነበር። በሕጉ መሠረት አንድ እሳት አደጋ ተከላካይ ከባድ ግዳጅ ላይ ሳለ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ በልብ ድካም ወይም በአንጎል የደም መፍሰስና መርጋት ቢሞት፣ ተቃራኒ የሕክምና ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ በሥራ ላይ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ቤተሰቡም የፌዴራል ካሳ ያገኛል። 24 ሰዓት የሚለው ቁጥር በእርግጥ የሐኪም ሳይሆን የሕግ አውጪ ቁጥር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ስላስፈለገ የተሰመረ።

የመንትዮቹ ከተሞች ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ ጫና ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩበትን ሲዳር ሪቨርሳይድን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2019፣ በምስጋና ቀን ዋዜማ ንጋት ላይ፣ በዚያው ሠፈር በሚገኝ ባለ 25 ፎቅ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃ 14ኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነስቶ አምስት ነዋሪዎችን ገድሏል። ሕንፃው በ1969 ሲሠራ ሕጉ ስላላስገደደ፣ ነዋሪዎቹ በሚኖሩባቸው ፎቆች ላይ ራሱን ችሎ ውሃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ መስመር አልተዘረጋለትም ነበር። ከአደጋው በኋላ የተነሳው ክርክር በአመዛኙ ስለ ነዋሪዎቹ ደኅንነት ነበር፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ጣሪያ ላይ ያለች አንዲት የውሃ መርጫ ወደ ላይ ለሚወጣው ሰውም ጋሻ ናት። እርሷ ገና ሲነሳ የምታዳክመውን እሳት፣ እርሷ በሌለችበት ሰው ውሃ መስመሩን ተሸክሞ፣ ሰዎች በሚወርዱበት ጠባብ ደረጃ እየተጋፋ ወጥቶ ሊገጥመው ግድ ይላል።

እሳቱም ራሱ እንደ ድሮው አይደለም። በአሜሪካ የተካሄዱ የቃጠሎ ሙከራዎች በእንጨት፣ በጥጥና በሱፍ ዕቃ የተሞላ የድሮ ሳሎን ሙሉ በሙሉ እስኪቀጣጠል ወደ 30 ደቂቃ ገደማ እንደሚፈጅ፣ በስፖንጅና በፕላስቲክ ዕቃ የተሞላው የዛሬው ሳሎን ግን ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደሚጋይ አሳይተዋል። ሠራተኞቹ ከጣቢያ ተነስተው በር ላይ ሲደርሱ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ወደሚቀጣጠልበት ቅጽበት ተቃርቧል ማለት ነው። ጭሱም ተለውጧል፦ ሶፋና ፍራሽ ሲቃጠሉ ሃይድሮጅን ሳያናይድ፣ ፎርማልዴሃይድና ሌሎችም መርዞች ይወጣሉ።

ሁለተኛው ገዳይ የሚነሳው ከዚሁ ጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእሳት አደጋ ተከላካይነትን ሥራ ራሱን በሰው ላይ ካንሰር የሚያስከትል ብሎ ከመጀመሪያው ምድብ አስገባው፤ ትንባሆና አስቤስቶስ ከሚገኙበት ምድብ ማለት ነው። በቂ ማስረጃ የተገኘው ለፊኛ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ ለተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው፤ ለአንጀት፣ ለፕሮስቴትና ለሌሎች ጥቂት ካንሰሮች ያለው ማስረጃ ደግሞ ውስን ተብሏል። ከዚያ ቀደም በቺካጎ፣ በፊላዴልፊያና በሳን ፍራንሲስኮ ያገለገሉ ወደ 30,000 የሚጠጉ እሳት አደጋ ተከላካዮችን የተከታተለ ጥናት በካንሰር የመሞት መጠናቸው ከሌላው ሕዝብ 14 ከመቶ ከፍ እንደሚል አግኝቷል።

መርዙ የሚገባው በሳንባ ብቻ አይደለም። ጥቀርሻ በአንገት፣ በመንጋጋና በእጅ አንጓ ላይ ይጣበቃል፤ የሞቀና ያላበ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ያስገባዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ በጥቀርሻ የጠቆረ የራስ ቁር ለረጅም ዘመን የጀግንነት ምልክት ነበር። ንጹሕ ልብስ የለበሰ ሰው እሳት ያላየ ጀማሪ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ የካንሰር ሥልጠናዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚታገሉት ይህን አስተሳሰብ ነው፦ ከቃጠሎው ቦታ ሳይርቁ ልብስን በውሃ ማጠብ፣ ፊትና አንገትን መጥረግ፣ የተበከለውን ልብስ መኝታ ክፍል አለማስገባት።

የሚኒሶታ ታሪክ ከሌሎች ግዛቶች የሚለየው ግን በአረፋው ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ብቻውን አይበግረውም፤ ነዳጁ በውሃው ላይ ይንሳፈፋልና። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ከስሪኤም ኩባንያ ጋር ሆኖ ለዚህ መፍትሔ አገኘ። ስሪኤም ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሴንት ፖል አጠገብ በሜፕልውድ የሚገኝ የሚኒሶታ ኩባንያ ነው። አረፋው ፒፋስ በመባል የሚታወቁ ኬሚካሎች ነበሩበት። የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ ውሃን ይወዳል፤ ሌላው ጫፍ ውሃንም ዘይትንም ይሸሻል። በዚህ ጠባዩ በነዳጁ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ዘርግቶ ተኑንና ኦክስጅኑን ያለያያል። እ.ኤ.አ. በ1967 ፎረስታል በተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ በተነሳ ቃጠሎ 134 ሰዎች ሞተው ነበር፤ አረፋው ከዚያ ወዲህ በመርከቦችና በአየር ማረፊያዎች ተስፋፋ። የብዙ ሰው ሕይወት እንዳተረፈ መካድ አይቻልም።

ችግሩ አረፋውን ጠቃሚ ያደረገው ጠባይ ራሱ ነው። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር በሙቀት አይበገርም፤ በአፈር፣ በውሃና በሰው ደም ውስጥም እንዲሁ አይበገርም። በአረፋው ውስጥ የነበረው ፒፎስ የተባለው ዓይነት ወደ ደም ከገባ በኋላ ግማሹ ለመውጣት ብቻ 5 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስሪኤም ፒፎስን ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። የሚኒሶታ መንግሥት ከመንትዮቹ ከተሞች በስተምሥራቅ ያለው የመጠጥ ውሃ በእነዚህ ኬሚካሎች ተበክሏል ሲል በ2010 ኩባንያውን ከሰሰ፤ ክሱ በ2018 በ850 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በ2023 የወጣውና በ20 ዓመቷ በጉበት ካንሰር ባረፈች የኦክዴል ወጣት ስም የሚጠራው ሕግ ፒፋስን ከበርካታ የፍጆታ ዕቃዎች ያገደ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በጸደቀ ድንጋጌ ፒፋስ ያለበት የእሳት ማጥፊያ አረፋ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ፣ አየር ማረፊያዎችን ለመሳሰሉ ተቋማት ከተሰጠው ልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ በግዛቱ እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

አረፋውን ለዓመታት በእጃቸው ሲያፍሱ ለኖሩት ግን ኬሚካሉ አሁንም በደማቸው ውስጥ ነው። በአውስትራሊያ 285 እሳት አደጋ ተከላካዮች የተሳተፉበትና በ2022 የታተመ ሙከራ፣ ለአንድ ዓመት በየጊዜው ደም ወይም ፕላዝማ የለገሱት የፒፋስ መጠናቸው እንደቀነሰና ፕላዝማው የተሻለ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል። መቀነሱ ከሕመም ይታደግ እንደሆነ ግን ሙከራው አልመረመረም።

የሥራ ላይ ሞትና ጉዳት ጥያቄ እንደገና የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ በካንሰር የታመመ ሰው የታመመው በየትኛው እሳት እንደሆነ ማስረዳት አይችልም። የሚኒሶታ የሠራተኞች ካሳ ሕግ ይህን ሸክም በከፊል አንስቶለታል፦ ካንሰሩ በሥራው ከሚያጋጥሙት የታወቁ ካንሰር አምጪ ነገሮች ጋር የሚያያዝ ከሆነ፣ ከሥራው እንደመጣ አስቀድሞ ይገመታል፤ የትኞቹ ነገሮች ካንሰር አምጪ እንደሆኑ ለመለየትም ሕጉ የሚጠቅሰው ያንኑ የዓለም ጤና ድርጅት ተቋም ነው። በ2021 ደግሞ ግዛቱ ወደ 20,000 ለሚጠጉት እሳት አደጋ ተከላካዮቹ በልብ ሕመም፣ በካንሰርና በመሳሰሉት ከባድ ሕመሞች ሲያዙ እስከ 20,000 ዶላር የሚከፍል ፕሮግራም አቋቁሟል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በቋሚ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሳይሆኑ፣ ሲጠሩ የዕለት ሥራቸውን ጥለው የሚሮጡ የሠፈር ሰዎች ናቸው። ፕሮግራሙ የሥነ ልቦና ምክርንም ይጨምራል፤ የሞተ ሕፃን ከፍርስራሽ ያወጣ ሰው ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ የሚያውቁ ሰዎች ያረቀቁት መሆኑ ያስታውቃል።

የአዲስ አበባ አንባቢ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን ቃጠሎ ያስታውስ ይሆናል። የከተማው እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች በጠባብ መንገዶችና በተጨናነቁ ሱቆች መካከል ለሰዓታት የታገሉት ከጨርቅና ከፕላስቲክ ጭስ ጋር ነበር፤ በኬሚስትሪው ከሲዳር ሪቨርሳይዱ ጭስ አይለይም። የካሳ ሕግና የፕላዝማ ሙከራ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃሉ። ከቃጠሎው ቦታ ሳይለቁ ልብስን በውሃ ማጠቡና አንገትን በሳሙና መፈተጉ ግን እዚያው በቆመው የውሃ ቦቴ፣ በዚያው ምሽት ሊጀመር ይችላል።