ዜግነት በቀን ሲቆጠር

ጁን 30 ቀን 1995 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ አዛውንት ፖለቲከኛ የፊሊፒንስ ዜጋ ለመሆን ማሉ። በዚያው ዕለት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ተፎካካሪያቸው የሶርሶጎን ክፍለ ሀገር ገዢ ተብለው ታወጁ። በመሐላውና በአዋጁ መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ሀገሪቱ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ተከራከረችበት።

አዛውንቱ ሁዋን ፍሪቫልዶ ይባላሉ። የፕሬዚዳንት ማርቆስን አምባገነናዊ አገዛዝ ሸሽተው አሜሪካ ገቡ፤ በ1983 የአሜሪካ ዜግነት ወሰዱ። ያደረግኩት ራሴን ለማዳን ነው ይሉ ነበር። ማርቆስ ከወደቁ በኋላ ተመልሰው በ1988 ለሶርሶጎን ገዢነት ተወዳድረው አሸነፉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የውጭ ዜጋ ነዎት ብሎ አወረዳቸው። በ1992 እንደገና አሸነፉ፤ እንደገና ወረዱ። በ1995 ለሦስተኛ ጊዜ ብዙ ድምፅ ያገኙት እሳቸው ነበሩ፤ ተፎካካሪያቸው የታወጁት ፍሪቫልዶ አሁንም የውጭ ዜጋ ናቸው ስለተባለ ነው። የዜግነት መመለሻ ማመልከቻቸው ተፈቅዶ የማሉት የሥራ ዘመኑ በሚጀምርበት በዚያው ቀን ነበር። በ1996 ፍርድ ቤቱ ለእሳቸው ፈረደ፤ አንድ ገዢ ዜጋ ሆኖ መገኘት ያለበት ሥልጣኑን በሚረከብበት ጊዜ ነው አለ። የሶርሶጎን መራጭ ግን ሦስቱንም ጊዜ ሰውየው የማን ልጅ እንደሆኑ አልተጠራጠረም።

የፍሪቫልዶ ጉዳይ የተለየ የሚመስለው ገዢ ስለሆኑ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በሃዋይ ወይም በኔቫዳ በአንድ ማእድ ዙሪያ የተቀመጠ ፊሊፒናዊ ቤተሰብም የሚኖረው በዚሁ ስሌት ነው። ማን የማን ዜጋ እንደሆነ የሚወስነው የሚበላው ምግብ ወይም የሚናገረው ቋንቋ አይደለም፤ እናት የማለችበት ቀን፣ ልጅ የተወለደበት ቀን፣ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላበት ቀን ነው።

ነገሩ ሥር አለው። አሜሪካ ፊሊፒንስን ከስፔን ከተረከበችበት ከ1898 በኋላ ፊሊፒናውያን በአሜሪካ ባንዲራ ሥር ያሉ፣ ነገር ግን የአሜሪካ ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። ወደ ካሊፎርኒያ እርሻዎች ያለ ቪዛ ይሄዱ ነበር። በ1934 ኮንግረሱ ለፊሊፒንስ የነፃነት ቀጠሮ ሲሰጥ የመግቢያውን በር አብሮ ዘጋው፤ ለመላዋ ሀገር በዓመት 50 ሰው ብቻ ተፈቀደ። ዜግነት የመጠየቅ መብት ያገኙት በ1946 ነው፤ ኮታውም ያኔ 100 ሆነ። ቁጥሩ የተንቀሳቀሰው ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ሲሆን ዛሬ በአሜሪካ ከአራት ሚሊዮን በላይ የፊሊፒንስ ተወላጆች ይኖራሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ ነርሶች እንደሆኑ አሜሪካ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ማኒላ በበኩሏ ከ1936 ጀምሮ ቁርጥ ያለ ሕግ ነበራት፦ የሌላ ሀገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ የፊሊፒንስን ያጣል። ሄዶ የቀረው ግን ገንዘብ ይልካል፣ ቤት ይሠራል፣ ለገና ይመጣል። ማርቆስ በ1973 የቱሪዝም ዘመቻ ሲከፍቱ ለእነዚህ ሰዎች ስም አወጡላቸው፦ ባሊክባያን። «ባሊክ» መመለስ ነው፣ «ባያን» ሀገር፤ «ወደ ሀገሩ ተመላሽ» እንደማለት ነው። በ1989 ስሙ በሕግ ጸና። የቀድሞ ፊሊፒናዊና አብረውት የሚጓዙ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ያለ ቪዛ አንድ ዓመት እንዲቀመጡ ተፈቀደ። «አብረውት» የምትለዋ ቃል ቀላል ትመስላለች። ባል ሚስቱን ተከትሎ በሌላ በረራ ከሦስት ቀን በኋላ ቢደርስ ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ ይቆጠራል፤ አሜሪካዊ ከሆነም ያለ ቪዛ የሚሰጠው 30 ቀን ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2003 ነው። ፕሬዚዳንት ግሎሪያ ማካፓጋል አሮዮ በኦገስት 29 የፈረሙት ሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 9225 በትውልድ ፊሊፒናዊ የነበረ ሰው በቆንስላ ቀርቦ ለሪፐብሊኩ ታማኝነቱን ከማለ ዜግነቱ እንዲመለስለት ፈቀደ። አሜሪካዊነትህን ተው አይልም። ሕዝቡ ጥምር ዜግነትን አሳጥሮ «ዱዋል» ይለዋል፤ «ዱዋል ነሽ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ «ገና ነኝ» ተብሎ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የዜጎች ታማኝነት ለሁለት መከፈሉ ለሀገር ጥቅም ጎጂ ነው ሲል በግልጽ ጽፏል። ታዲያ አዋጁ እንዴት ቆመ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንገዱን ቀድሞ በ1999 ጠርጎታል። ሳን ፍራንሲስኮ የተወለዱት ተዋናይ ኤዱ ማንዛኖ የማካቲ ምክትል ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ ተከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ጥምር ዜግነት በአጋጣሚ የሚመጣ ነገር ነው፣ የተከፈለ ታማኝነት ግን ሰው ራሱ የሚያደርገው ነው ሲል ለየ። በ2007 አዋጁ ራሱ ሲከሰስ ደግሞ የታማኝነቱን ጣጣ ወደ ሌላኛዋ ሀገር ገፋው። አሜሪካ ደግሞ አዲስ ዜጋዋን ለሌላ መንግሥት ያለውን ታማኝነት በመሐላ ታስክደዋለች፤ ከዚያ በኋላ ግን የድሮውን ፓስፖርት ይዟል ብላ አታሳድደውም። ሁለት መንግሥታት ዓይናቸውን በየተራ እየጨፈኑ የኖሩት ኑሮ ነው።

አንድ ቤተሰብ እናስብ። እናትየው ነርስ ናት፤ በ1988 ወደ ካሊፎርኒያ ሄዳ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ባለችው፣ ፊሊፒናውያን በበዙባት በዴሊ ሲቲ ኖረች። አሜሪካዊ አገባች። ሴት ልጇን በ1993 ወለደች። በ1996 የአሜሪካ ዜግነት ወሰደች። ወንድ ልጇ በ2000 ተወለደ። ከዚያ ሥራ፣ የማታ ተረኛነት፣ የቤት ዕዳ፤ ቆንስላ ሄዳ «ዱዋል» የሆነችው በ2019 ነው።

ሴት ልጅዋ ስትወለድ እናቷ ገና ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ስለዚህ ልጅቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሁለቱም ሀገር ዜጋ ናት። መሐላ አያስፈልጋትም፤ የሚቀራት ልደቷን በቆንስላ ማስመዝገብ ብቻ ነው፣ ቢዘገይም ይመዘገባል። ወንድሟ ሲወለድ ግን እናቱ በፊሊፒንስ ሕግ የውጭ ሰው ነበረች። አዋጁ ለእንዲህ ያለው ልጅ መንገድ አለው፦ ያላገባና ከ18 ዓመት በታች ከሆነ በእናቱ መሐላ ውስጥ ይጠቃለላል። በ2019 ልጁ 19 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ብትምል በአንድ ፎርም ያልቅ ነበር። አንድ ማኅፀን፣ አንድ ቤት፣ አንድ የእሑድ አዶቦ ወጥ፤ እኅቱ ማኒላ ላይ መሬት መግዛት ትችላለች፣ እሱ አይችልም። የወላጆቹን ሊወርስ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ ለውርስ በር ትቷልና።

መሬቱን ማንሣት ያለብን ብዙዎቹን ወደ ቆንስላ የሚያመጣቸው እሱ ስለሆነ ነው። የቀድሞ ፊሊፒናዊ ሳይምልም ቢሆን ለመኖሪያ ከተማ ላይ 1,000 ካሬ ሜትር፣ ገጠር አንድ ሄክታር መግዛት ይችላል። የማለ ሰው ግን እንደ ማንኛውም ዜጋ ነው። የሀገር ፍቅር ለሚለው ሁሉ ይህን መናገር ያስቀይም ይሆናል፤ በወረፋው ላይ የሚወራው ግን ስለ አያት ቤትና ስለ ጡረታ ነው።

የእናት ወገን ጉዳይ ከዚህም የከፋ ጊዜ ነበረው። በ1935ቱ ሕገ መንግሥት ከተጋቡ ወላጆች ለተወለደ ልጅ ዜግነት የሚያወርሰው አባት ነበር። ከፊሊፒናዊት እናትና ከውጭ ዜጋ አባት የተወለደ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ፊሊፒናዊነትን በይፋ መምረጥ ነበረበት። ከጃንዋሪ 17 ቀን 1973 ወዲህ እናትም አባትም እኩል ሆኑ፤ ከዚያ ቀን በፊት የተወለደው ግን አሁንም በድሮው ደንብ ይዳኛል። በ1964 ከቻይናዊ አባትና ከፊሊፒናዊት እናት የተወለደ አንድ የሕግ ምሩቅ ዕድሜውን ሁሉ እዚያው ፊሊፒንስ ኖሮ፣ ድምፅ ሰጥቶ፣ የጥብቅና ፈተናውን አልፎ ሊምል ሲል ምርጫህን አላስመዘገብክም ተባለ። ወዲያው አስመዘገበ፤ ግን 35 ዓመቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1999 ከ14 ዓመት በላይ ዘግይተሃል ብሎ ጥብቅናውን ከለከለው።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲደረስ ደግሞ ቀኖቹ ወደ ወረቀት ይለወጣሉ። አሜሪካ ዜጋዋ ሲገባም ሲወጣም በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲሆን ትፈልጋለች፤ ማኒላ ደግሞ የራሷን ማየት ትመርጣለች። «ዱዋል» የሆነ ሰው ሁለቱንም ይይዛል። በአሜሪካው ብቻ የገባ የመሐላውንና የዜግነት መታወቂያውን ወረቀት ካላሳየ እንደ እንግዳ የመውጫ ቀን ይታተምበታል። ስምም ሌላ ጣጣ ነው። በፊሊፒንስ የመካከለኛው ስም የእናት የቤተሰብ ስም ነው፤ አሜሪካ የተወለደው ልጅ ግን መካከለኛ ስሙ «ጄምስ» ሊሆን ይችላል። የአባቱን ስም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ለፈረንጅ ሲያስረዳ የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

በጣም የሚያስቸግረው ግን የልጅ ልጅ ነው። የዴሊ ሲቲዋ ነርስ የሴት ልጇን የአሥር ዓመት ልጅ ይዛ ለበጋ ዕረፍት ብትሄድ፣ ሕፃኑም የአሜሪካ ፓስፖርት ብቻ ቢኖረው፣ የ1940ው የኢሚግሬሽን ሕግ ያቆማታል፦ ከ15 ዓመት በታች የሆነ የውጭ ሕፃን ያለ ወላጅ መግባት አይችልም። ወላጆቹ ፈርመው በሕግ ያረጋገጡት የፈቃድ ወረቀትና የክልከላ ማንሻ ማመልከቻ ያስፈልጋል። አያት ወላጅ አይደለችም። የሚገርመው ሕፃኑ የፊሊፒናዊት ልጅ ስለሆነ በሕጉ ፊሊፒናዊ ነው፤ ልደቱን ያስመዘገበለት ሰው ስለጠፋ ብቻ በመስኮቱ ፊት ብቸኛ የውጭ ሀገር ልጅ ሆኖ ይቆማል።

በመውጫው በኩል ያለው ወረፋ የሌሎች ነው። ፊሊፒናዊ ሆኖ ለሥራም ሆነ ለጉብኝት የሚወጣ ሰው የሰው ንግድን ለመከላከል በሚል ይመረመራል፤ ጥርጣሬ ካለ ከበረራው ይቀራል፣ ይህንም «ኦፍሎድ» ይሉታል። ወደ እስራኤል ልትሄድ የነበረች አንዲት መንገደኛ የትምህርት ቤት የምረቃ መጽሔቷን ጭምር ተጠይቃ በረራው እንዳመለጣት በ2023 መጀመሪያ ስትናገር ሀገሪቱ በቁጣም በሳቅም ተናወጠች። ሁለት ፓስፖርት ያለው ሰው የአሜሪካውን ሲያሳይ ጥያቄው ያጥራል።

ኢትዮጵያ የፊሊፒንሱ አዋጅ በወጣበት በዚያው በ2003 መጨረሻ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378ን ስታወጣ የመረጠችው ተቃራኒውን ነው፤ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተሰጠው ቢጫ ካርድ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ግን አያስመርጥም፣ አይመረጡበትም። ከባሊክባያን ማኅተም ይሰፋል፣ ከ«ዱዋል» ይጠብባል።

የመመረጥ ነገር ማኒላም ውስጥ ገደብ አለው። አዋጅ ቁጥር 9225 ሥልጣን የሚፈልግ «ዱዋል» የውጭ ዜግነቱን በመሐላ እንዲክድ ያዛል። የካውስዋጋን ከተማው ሮመል አርናዶ በኤፕሪል 3 ቀን 2009 የአሜሪካ ዜግነታቸውን ካዱ፤ ከ11 ቀን በኋላ በአሜሪካ ፓስፖርታቸው ወጡ። የፊሊፒንሱ ገና እጄ አልገባም ነበር አሉ። በ2010 ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓስፖርቱን መጠቀም ክህደቱን መሻር ነው ብሎ አወረዳቸው። የቀድሞዋ ሴናተር ግሬስ ፖ ደግሞ በ1968 ኢሎይሎ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ተጥለው የተገኙ ናቸው፤ በ2001 አሜሪካዊት ሆነው በ2006 «ዱዋል» ሆኑ። በ2016 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ አሥር ዓመት በሀገር መኖር ይጠበቅባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ 9 ለ 6 ሲፈርድላቸው ቆጠራውን የጀመረው ከመሐላው ቀን አልነበረም፤ በሜይ 2005 በአሜሪካ ፓስፖርት፣ በባሊክባያን ማኅተም ከገቡበት ቀን ነው። ለጉብኝት የታሰበች ማኅተም ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ምስክር ሆነች።

የዴሊ ሲቲው ቤተሰብ ማኒላ ሲደርስ የፓስፖርት መቆጣጠሪያው ሰልፍ ለሁለት ይከፈላል። እናትና ሴት ልጅ የዜጎቹን ያዩታል፣ ባልና ወንድ ልጅ የእንግዶቹን። ልምድ ያላት እናት ግን ቤተሰቡን አትበትንም፤ ባልና ልጇን ከጎኗ አድርጋ አራቱንም ፓስፖርት በአንድ ላይ ለመኮንኑ ትሰጣለች፣ «ባሊክባያን» ትላለች። መኮንኑ እሷን ያያል፣ የሃያ አምስት ዓመቱን ጎረምሳ ያያል፣ ከዚያ በልጁ ፓስፖርት ላይ የዛሬ ዓመት የሚያልቀውን ቀን ያትማል።