አልበላም ያለ ዘንዶ

እባብ በቤት ማሳደግ ለአብዛኞቻችን እንግዳ ነገር ነው። ጁባ ላይ ግን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በዓለም ላይ በብዛት በቤት ከሚያዙት እባቦች አንዱ የሆነው ቦል ፓይተን የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ነው፤ መኖሪያው ከሴኔጋል ተነሥቶ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካን የሣር ምድር አቋርጦ ደቡብ ሱዳንና ኡጋንዳ ላይ ያበቃል። አጭር፣ ደንዳናና መርዝ የሌለው ዘንዶ ነው። ሲደነግጥ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ቀብሮ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። አሳዳጊዎቹን እንቅልፍ የሚነሳቸው ግን ሌላ ጠባዩ ነው። ምግብ ይቀርብለታል፣ አልበላም ይላል። ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴም ከግማሽ ዓመት በላይ።

የተጨነቀ አሳዳጊ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የእባብ ሆድ እንደ ውሻ ወይም እንደ ድመት ሆድ አለመሆኑን ነው። እነሱ ከሚበሉት ብዙውን የሚያቃጥሉት ሰውነታቸውን ለማሞቅ ነው፤ እባብ ሙቀቱን ከውጭ ስለሚያገኝ ይህ ወጪ የለበትም። ማርሻል ማክዩ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ቦል ፓይተንን ጨምሮ የሦስት ዓይነት 62 እባቦች ለስድስት ወር ገደማ ምግብ ሳይሰጣቸው ቆይተዋል። አንዳንዶቹ ኃይል የሚያቃጥሉበትን መጠን እስከ 72 በመቶ ቀነሱ። የሚገርመው ደግሞ በዚያ ሁሉ ጾም ርዝመታቸው መጨመሩ ነው። እንግዲህ ጤነኛና ትልቅ የሆነ ቦል ፓይተን አንድ ወር ስላልበላ አይሞትም። ከመደንገጥ ይልቅ ያለበትን ቤት መመርመር ይሻላል፤ እኔ እንደማምነው አብዛኛው እንቢታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በዱር ሳለ ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድ ወይም በኩይሳ ውስጥ ነው። ጨለማ፣ ጠባብ፣ እርጥበት ያለው፣ ሙቀቱም ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥ ቦታ ነው። እኛ ደግሞ ይህንኑ እንስሳ በመስታወት ሣጥን ከትተን ቴሌቪዥን አጠገብ እናስቀምጠዋለን፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም እያወጣን እናሳያለን። እንዲህ ያለ ዘንዶ ስጋት ላይ ስለሆነ አያድንም። ሁለት መደበቂያ ይስጡት፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ባለው። ተጠቅልሎ ሲተኛ ጎኑ ግድግዳውን የሚነካበት ጠባብ ነገር ይሁን። ጎኑ ተበስቶ የተደፋ የሸክላ ድስት በቂ ነው።

ስለ ሙቀት ከአውሮፓ የሚመጣው ምክር ሁሉ ስለ ማሞቂያ ነው። ሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ሌላው ከ25 እስከ 27 ይሁን ይላሉ፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። ጁባ ላይ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። በበጋው ወራት ከሰዓት በኋላ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ቆርቆሮ ቤትና ኮንቴይነር ውስጥማ ከዚያም ያልፋል። ጀኔሬተር ሲነሳ ኤሲው ክፍሉን ያቀዘቅዛል፣ አየሩንም ያደርቃል፤ ጀኔሬተሩ ሲጠፋ ክፍሉ መልሶ ይግላል። ዘንዶውን የሚረብሸው ይህ መዋዠቅ ነው። ሣጥኑን ከመስኮትና ከኤሲው ንፋስ አርቆ ወለል ላይ ማስቀመጥ፣ በሁለቱም ጫፍ ቴርሞሜትር ማድረግ፣ ሰፋ ያለ የውሃ ሳህን አለማጓደል ከማንኛውም ማባበያ ይበልጣል።

ሕመም ያልሆነ እንቢታም አለ። ቆዳውን ሊጥል ሲል ዓይኑ ወተትማ ሰማያዊ ይሆናል፤ ጥሎ እስኪጨርስ አያስቸግሩት። ወንዱ በመራቢያ ወቅት፣ ሴቷ እንቁላሏን ታቅፋ ሳለች ምግብ ይተዋሉ። አዲስ ቤት የገባም ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይነካ ይቆይ።

ሲቀርብለት ደግሞ እንዲህ ይሁን። ጊዜው ምሽት፣ ክፍሉ ጸጥ ያለና ደብዛዛ ይሁን። በፍሪዘር የቆየው አይጥ ቀስ ብሎ ከቀለጠ በኋላ በፌስታል ታስሮ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሲነኩት እንደ ሕያው ገላ ሲሞቅ ይወጣል። ይህ ሙቀት ወሳኝ ነው፤ ዘንዶው በላይኛው ከንፈሩ ላይ በተደረደሩ ትናንሽ ጉድጓዶች የአደኑን ሙቀት በጨለማ ያውቃል። አይጡን በረጅም መቆንጠጫ ይዘው ከመደበቂያው በር ራቅ አድርገው ያንቀሳቅሱት። ምላሱ ቶሎ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይወረወራል። በዚህ ሰዓት ንቅንቅ አይበሉ። ካልወሰደው በሩ ላይ አስቀምጠውለት ይሂዱ፤ ጠዋት ካልበላው ይጣል። ቀጣዩ ሙከራ ከሳምንት በፊት አይሁን፤ በየቀኑ ማሳየት ይባስ ያስፈራዋል።

ሉይሴሊና አንጀሊቺ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ናይጄሪያ ቦል ፓይተኖች ባሳተሙት ጥናት፣ ከ70 ሴንቲሜትር የሚያንሱት በአብዛኛው ወፍ፣ ከሜትር የሚበልጡት ደግሞ ትናንሽ አጥቢ እንስሳት እንደሚበሉ አሳይተዋል። ስለዚህ አይጥ እንቢ ያለ ትንሽ ዘንዶ በጫጩት ሊሞከር ይችላል። ከጓዳ የተያዘ አይጥ ግን በፍጹም አይሰጠው፤ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። ሕያው አይጥ ከዘንዶ ጋር ትቶ መሄድም ክፉ ነው፤ ያልተራበ ዘንዶ ዝም ብሎ ይነከሳል። ወተትም ምግቡ አይደለም።

መጨነቅ የሚገባው መቼ ነው? በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። ከክብደቱ አሥር በመቶ ገደማ ከቀነሰ፣ ጀርባው እንደ ጣሪያ ከሾለ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ ወይም አፉ አረፋ ከያዘ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ዓመት ያልሞላው ግልገል ደግሞ ጾሙን እንደ ትልቁ ስለማይችል ቀደም ብሎ ይታይ። አፉን ከፍቶ በግድ ማጉረስ የሐኪም ሥራ ነው፤ በልምድ የለሽ እጅ ጉሮሮውን ያቆስላል፣ የቀረችውን እምነትም ያጠፋል።

ጁባ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ከሜዳ ተይዞ የመጣው ነው። በመጀመሪያ ዘንዶ መሆኑ ይረጋገጥ፤ አጭር፣ ወፍራምና ዝንጉርጉር እባብ ሁሉ ቦል ፓይተን አይደለም። እፉኝትም እንዲሁ ወፍራምና ዝንጉርጉር ነው፤ መርዙም ሰው ይገድላል። ያላወቁትን እባብ በእጅ አይንኩ። ዘንዶ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ መዥገርና የሆድ ትል ይዞ፣ ሰውንም ፈርቶ የመጣ ነውና በሣጥን ውስጥ መብላት የሚጀምረው በብዙ መከራ ነው። አንዳንድ የዲንካ ጎሣዎች ዘንዶን እንደ ዘመድ ቆጥረው አይገድሉትም፤ እንዲህ ያለውን እንስሳ አስርቦ ማስቀመጥ ጎረቤትንም ማስቀየም ነው። ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የተያዘ ከሆነ፣ እባብ የሚያውቅ ሰው ይዞ ወደተገኘበት ቦታ ይመልሰው። ከሌላ አገር የመጣ ወይም ከሌሎች የቤት እባቦች ጋር የኖረ ከሆነ ግን በሽታ ሊያዛምት ስለሚችል ሜዳ ላይ አይለቀቅ፤ እዚያው ሣጥኑ ተስተካክሎለት ይጠበቅ።