በነፃ የመጣው አንጋፋ

ሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ዓርብ ነበረ፤ ወሩም የረመዳን መገባደጃ። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከጭሮ ተነሥቼ ለዘመድ ጥየቃ መሰላ ገብቼ ነበርና፣ የመግሪብ አዛን ተሰምቶ ጾመኛው በቴምርና በውሃ ካፈጠረ፣ ሳምቡሳውም ከተበላ በኋላ፣ ወጣቱ ሁሉ በጨርጨር ደጋ ብርድ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል እያደረገ ወደ አንድ ቤት ሲያመራ አይቼ ተከተልሁት። ቤቱ ዲኤስቲቪ ቤት ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ አግዳሚዎቹም ብዙ ሰው ተቀምጦባቸው የለሰለሱ። በበሩ አጠገብ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ዌልስ ከቤልጅየም 4፡00» ተብሎ ተጽፏል፤ ወቅቱ የአውሮፓ ዋንጫ ነበረና። ነገር ግን ስለ ዌልስም ሆነ ስለ ቤልጅየም የሚያወራ አንድም ሰው አላገኘሁም። የዚያን ዕለት ማንችስተር ዩናይትድ ዝላታን ኢብራሂሞቪችን ማስፈረሙን ይፋ አድርጓል፤ ሰውዬው 34 ዓመቱ ነው፤ ከፓሪስ ሴን ዠርሜን ጋር የነበረው ውል አልቋልና የመጣው በነፃ ነው።

«አቦ፣ ይህ እኮ ጡረተኛ ነው!» አለ ከፊቴ የተቀመጠ ቀይ ማልያ የለበሰ ወጣት፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለጓደኞቹ እያሳየ። «ሰሞኑን ለስዊድን ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ አንዲት ጎል እንኳ አላገባም። እኛ ወጣት እንፈልጋለን።» ከግድግዳው ጥግ ሽርጣቸውን አገልድመው ሆጃ ይጠጡ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ ድሬዳዋ በተደረገ ጊዜ ከሚኤሶ በባቡር ወርደው ናይጄሪያንና ሞሮኮን በዓይናቸው ያዩ መሆናቸው በከተማይቱ የታወቀ ነው፤ እርሳቸው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ወይፈን ሲለምድ ከማን ጋር ነው የሚጠመደው?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱም፣ «ጋሼ፣ ከለመደው በሬ ጋር ነዋ» አለ። «እንግዲያውስ ያ አሥራ ስምንት ዓመት ያልዘለለው ራሽፎርድ የምትሉት ከማን ጋር ሊጠመድ ኖሯል?» አሉና ወደ ሆጃቸው ተመለሱ።

ይህ አጭር ክርክር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ክለባቸው ዕድሜው የገፋ ተጫዋች ያለ ዝውውር ዋጋ ባመጣ ቁጥር ደጋፊዎች በዓለም ሁሉ የሚከራከሩት በዚሁ አኳኋን ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ተጫዋች «በነፃ መጣ» የሚባለው ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። ድሮ በአውሮፓ የተጫዋች ውል ቢያልቅም ክለቡ ካልፈቀደ፣ ወይም ፈላጊው ክለብ ገንዘብ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ ወደ ሌላ ለመሄድ አይችልም ነበር። ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ ቤልጅጋዊ፣ ለሊየዥ ክለብ ይጫወት የነበረ፣ ውሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያበቃ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ለመሄድ ፈለገ፤ ክለቡ ግን የዝውውር ክፍያው ነገር አላጠገበኝም ብሎ አገደው፤ ደመወዙንም እጅግ ዝቅ አደረገበት። ቦስማን ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲከራከር የተጫዋችነት ዘመኑ ባከነ፤ በመጨረሻ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 5 ቀን 1988 ዓ.ም. ውሉ ያበቃ ተጫዋች ያለ ምንም የዝውውር ክፍያ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ወደ ወደደው ክለብ ይሂድ ሲል ፈረደ። ዛሬ ታላላቅ ተጫዋቾች በነፃነት የሚንቀሳቀሱት ያ ሰው በከፈለው መሥዋዕትነት መሆኑን ማስታወስ ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ሆኖም «ነፃ» የሚለው ቃል ብዙ ደጋፊ ያሳስታል። ክለቡ ለቀድሞው ክለብ የሚከፍለው ባይኖርም፣ ለተጫዋቹ የፊርማ ገንዘብና ደመወዝ፣ ለወኪሉም ድርሻውን ይከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜ ለዝውውር የተረፈው ገንዘብ ዞሮ ደመወዝ ይሆናል። በእኛም አገር ሊግ፣ የተጫዋቾች ውል አዘውትሮ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት በመሆኑ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ብዙ ተጫዋች ውሉን ጨርሶ በነፃ ይገኛል፤ የክለቦች ፉክክርም ያለው ለተጫዋቹ በሚያቀርቡት ክፍያ ላይ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ ከተማ ደጋፊ ለመሆን ዕድል የገጠመው የሐረርጌ ሰው፣ ስለ ነፃ ዝውውር ከእንግሊዝ ደጋፊ ያነሰ አያውቅም። በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ከ31 ዓመት ናፍቆት በኋላ፣ የብሔራዊ ቡድናችን አምበል የነበረው ደጉ ደበበ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተለይቶ በወላይታ ድቻ ማልያ ሲሰለፍ፣ ሶዶ ላይ የተቀበሉት ሰዎች የገዙት እግር ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን እንዲህ ያለውን ተጫዋች «አንጋፋ» ብለው ሲጠሩት ቃሉ ምን እንደሚሸከም ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አንጋፋ በመሠረቱ የቤቱ በኵር ማለት ነው፤ መሰላ ውስጥ ደግሞ ኦሮምኛ የሚናገረው ሁሉ ሀንገፋ ሲል ያንኑ ማለቱ ነው፤ አባት በሌለበት የአባትን ቦታ የሚይዝ፣ ታናናሾቹ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ግን ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ዶማ እንዲያነሣ የማይገደድ። ወጣቱ ደጋፊ ዝላታንን ሲነቅፍ፣ ዶማው ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል ብሎ ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። አዛውንቱ ሲያመሰግኑት ግን የበኵርነቱን ሥራ አስበው ነው። ሁለቱም ክለቡን ይወዳሉ፤ የተለያዩት ሰውዬው ለምን እንደ ተጠራ ባላቸው ግምት ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ የብዙ አንጋፋዎችን ታሪክ ስመረምር ፍሬው የሚለየው በዕድሜው ብዛት ሳይሆን በተጠራበት ሥራ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ጋሪ ማካሊስተር በ35 ዓመቱ ከኮቨንትሪ ወደ ሊቨርፑል በነፃ ሲመጣ ደጋፊው ግራ መጋባቱ አያስደንቅም፤ ክለቡ ሻምፒዮን ለመሆን ሲያስብ ያመጣው አማካይ የሚያረጅበት ዘመን ላይ የደረሰ ነበርና። ግን ሚያዝያ 8 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ከኤቨርተን ጋር ጨዋታው 2 ለ 2 ሆኖ የመጨረሻው ደቂቃ ሲያልቅ፣ 40 ሜትር ያህል ከሚርቅ ቦታ የመታት ቅጣት ምት ግብ ጠባቂውን አሳስታ መረብ ውስጥ ገባች። ያ ቡድን በዚያው ዓመት የሊግ ዋንጫን፣ የኤፍ ኤ ዋንጫንና የዩኤፋ ዋንጫን ሦስቱንም ወሰደ።

ከዚህ ይልቅ ግን ልቤን የነካው የቲያጎ ሲልቫ ነገር ነው። ቼልሲ በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ 36ኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው፣ ለአንድ ዓመት ብቻ አስፈረመው። በሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታው መስከረም 16 ቀን 2013 ዓ.ም. ሆነ፤ እኛ ደመራ የምንለኩስበት ዕለት ማለት ነው። ከዌስት ብሮም ጋር ሲጫወቱ ወደ ራሱ የመጣችውን ኳስ በእግሩ ሥር አሳልፎ ሰጠና ካለም ሮቢንሰን ነጥቆ አገባት፤ ቼልሲም በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ለ 0 ተመራ፤ በኋላ 3 ለ 3 ወጣ። የዚያን ምሽት «አበቃለት» ያላለ የቼልሲ ደጋፊ ጥቂት መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሲልቫ ግን አልተሰበረም። ተከላካዮቹን በእጁ እየጠቆመ፣ ኳስ ሳይመጣ በፊት ቦታውን እየያዘ፣ በፍጥነት ያጣውን በአስተዋይነት እየተካ ዓመቱን ዘለቀ፤ ግንቦት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ፖርቶ ላይ ማንችስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፈው የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ሲያነሡ እርሱ በጉዳት ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ወጥቶ ነበር፤ ቡድኑ ግን እርሱ ያስተማረውን ይዞ ጨረሰ። ለአንድ ዓመት የተጠራው ሰው እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ቆየ።

ሲልቫ ቼልሲ በገባበት በዚያው ክረምት አርሴናል የ32 ዓመቱን ዊሊያንን ከቼልሲ በነፃ ወሰደ፤ የሰጠው ውል ግን የሦስት ዓመት ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ፉልሃምን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ ጎል የሚያቀብል ሆኖ ስለ ታየ የአርሴናል ደጋፊ፣ በኢትዮጵያም ቁጥሩ ብዙ የሆነው፣ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ዓመቱን በሙሉ በሊጉ ያገባው አንዲት ጎል ብቻ ነው፤ ውሉም ሁለት ዓመት ሲቀረው ፈርሶ ወደ ብራዚል ተመለሰ። ዊሊያንን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም፤ እንደ ወይፈን ሊያርስ ነው የተጠራው፤ ለሦስት ዓመትም ቀንበሩ በእርሱ ላይ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

የውሉ ርዝመት ብቻ ነው ጥፋቱ እንዳልል ደግሞ አንድሬያ ፒርሎ ይቃወመኛል። ሚላን ዕድሜያቸው ከ30 ላለፈ ተጫዋቾች የአንድ ዓመት ውል ብቻ እሰጣለሁ ብሎ በ2003 ዓ.ም. ሲለቀው፣ ዩቬንቱስ በነፃ ወስዶ ሦስት ዓመት ሰጠው፤ ፒርሎም በአራት ዓመት ውስጥ አራት የሊግ ዋንጫ ወሰደ። ግን ዩቬንቱስ ፒርሎን ሩጥ አላለውም፤ የሚሮጡለትን ማርኪሲዮንና ቪዳልን በግራና በቀኝ አቁሞ፣ እርሱ መሐል ሆኖ ኳሱን እንዲያከፋፍል አደረገው እንጂ። የመሰላው አዛውንት ስለ ፒርሎ የሰሙ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ቀንበሩን እንዴት እንደሚያስተካክሉት ከእርሻቸው ያውቃሉ።

ወደ ዝላታን እንመለስ። ያ ቀይ ማልያ የለበሰው ወጣት ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልነበረ ተናግሬአለሁ፤ ዩናይትድ ባለፈው ዓመት አምስተኛ ወጥቶ ከሻምፒዮንስ ሊግ ቀርቶ ነበርና ሌላ ዓመት የሚባክንበት ትዕግሥት ደጋፊው አልነበረውም። ቢሆንም ሰውዬው በዚያ ዓመት 28 ጎል አገባ። የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም. እሑድ ምሽት በሊግ ዋንጫው ፍጻሜ ከሳውዝሃምፕተን ጋር ጨዋታው 2 ለ 2 እያለ ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣ የቡድን ጓደኛው ኤሬራ ያሻማትን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አስገባት። የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት በስልክ እንደ ነገረኝ፣ የዚያን ምሽት መሰላ ላይ አንድ አግዳሚ ተሰብሯል፤ ማን ሰበረው ብዬ ብጠይቀው፣ «ያ ጡረተኛ ነው ሲል የነበረው ልጅ» አለኝ።

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ በፋሲካ ሳምንት ሐሙስ፣ ከአንደርሌክት ጋር የዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ ነበረ። ጨዋታው የተጀመረው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ወደ ቤታቸው ሄደው፣ የቀሩት ወጣቶቹና አዛውንቱ ነበሩ። መደበኛው ሰዓት 1 ለ 1 ሆኖ ሊያልቅ ሲል ዝላታን በአየር ላይ ኳስ ሊያገኝ ዘልሎ ሲወርድ ጉልበቱ ወደማይሆን አቅጣጫ ተጣመመ። ባለቤቱ ሲያወራልኝ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ጫት ሲቀነጠብ እንኳ ይሰማ ነበር አለ። ተቃዋሚውም ደጋፊውም አንድ ቃል አልተናገረም። ያ ቀይ ማልያ የለበሰው ልጅ ብቻ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ያ አላህ፣ ዓፊያውን ስጠው» አለ። አዛውንቱ «አሚን» ብለው መለሱለት።

በጭማሪው ሰዓት፣ በ107ኛው ደቂቃ፣ አንጋፋው በጉዳት ከወጣ በኋላ፣ ራሽፎርድ ኳሷን ተቀብሎ ዞረና አገባት። የእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 አልፎ ነበር። ወጣቱ ሲጨፍር ወደ አዛውንቱ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ወይፈኑ አረሰ!» ብሎ ጮኸ፤ እርሳቸው ግን ገና ዓይናቸውን ከሜዳው ጠርዝ፣ ያ ሰው ከወጣበት በር ላይ አላነሡም ነበር።