ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የቀለለ ድስት፣ የበዛ ውሃ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። የሠራዊቱ አባል የዚህን አባባል እውነትነት ከማንም የበለጠ ያውቀዋል። በክፍሉ ውስጥ ያለ ወታደር ሸክሙን ከጓዶቹ ጋር ይካፈላል፤ አንዱ ድስቱን፣ ሌላው ውሃውን፣ ሦስተኛው ዱቄቱን ይይዛል። ብቻውን መንገድ የሚወጣ ሰው ግን ማድቤቱንም ጎተራውንም የውሃ ጉድጓዱንም በአንድ ጀርባው ተሸክሞ የሚሄድ ነው። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምንመለከተው እንዲህ ያለው መንገደኛ ሊይዘው የሚገባውን የማብሰያ ዕቃ ነው።

ነገሩ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ በጅቡቲ ጎልቶ ይታያል። ከጋቦዴ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳው የሚያመራ ሰው በበጋው ወራት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ይጠብቀዋል፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ፣ ለማገዶ የሚሆን እንጨትም እንደ ልብ አያገኝም። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ ዝቅተኛ የሆነው የአሳል ሐይቅ እንኳ ውሃው ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ ጨዋማ በመሆኑ ለተጠማ ሰው አይጠቅምም። ይህንኑ ምድር አቋርጠው ወደ ኦቦክ ጠረፍ በእግራቸው ከተጓዙ ወገኖቻችን መካከል በውሃ ጥም መንገድ ላይ የቀሩ እንዳሉ የምናውቀው ነው። እንግዲህ የድስት ክብደት ነገር የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ከቤት የወጣው ድስት፣ ሳህንና ማንቆርቆሪያ በድምሩ ሦስት ኪሎ ቢመዝን፣ በምትኩ የተመረጠው ቀላል ዕቃ ግማሽ ኪሎ ቢሆን፣ መንገደኛው ሳይከብደው ሁለት ሊትር ተኩል ተጨማሪ ውሃ ይይዛል ማለት ነው። ባሏን የምትሸኝ እመቤት «ይኸንንም ያዝ፣ ያም አይቅርብህ» ማለቷ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በከረጢቱ ላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ ኪሎ ከውሃው የሚቀነስ መሆኑን አብራ ልታስብ ይገባል።

ታዲያ ምን ይመረጥ? የሸክላ ድስት ለወጥ ተወዳዳሪ ባይኖረውም ይከብዳል፤ ይሰበራልም። የማይዝግ ብረት ጠንካራ ነው፤ ዳሩ ግን በእኩል መጠንና ውፍረት ሲሠራ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝናል። ታይታኒየም የሚባለው ማዕድን በጣም ጠንካራ ስለ ሆነ እጅግ ስስ ተደርጎ ይሠራል፤ በዚህም ምክንያት ከሁሉ ይቀላል። ሆኖም ዋጋው ውድ ከመሆኑም በላይ ሙቀትን በእኩልነት አያሰራጭም። ውሃ ለማፍላት መልካም ሲሆን ሽሮ ቢሠሩበት ግን እሳቱ በነካው ቦታ ላይ ወዲያው ያራል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከታይታኒየም አሥር እጥፍ ያህል አሻሽሎ ስለሚያስተላልፍ፣ ክብደቱም ሆነ ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ፣ ሽሮና ምስር ለሚያበስል ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ነው።

በምርጫው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ከወዳደቀ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ከአሥር አገሮች የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ድስቶች ተመርምረው ከብዙዎቹ እርሳስ ወደ ምግብ ሲገባ ተገኝቷል። ስለዚህ በፋብሪካ ከተጣራ አሉሚኒየም የተሠራውን መግዛት ይበጃል። ቲማቲም ወይም ሎሚ የገባበት ምግብም በአሉሚኒየም ውስጥ አይደር።

መጠኑን በተመለከተ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር የሚይዝ ድስት ይበቃል። አፉና መቀመጫው ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጠባብና ረጅም ዕቃ ነበልባሉን በጎኑ ያሳልፈዋል። ክዳኑ የግድ አስፈላጊ ነው፤ ማገዶ ይቆጥባል፤ ሲገለበጥም ሳህን ይሆናል። እጀታው የሚታጠፍ ቢሆን ኩባያው፣ ክብሪቱ፣ የበርበሬውና የጨው ቋጠሮው ድስቱ ውስጥ ገብተው አንድ ዕቃ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1931 የጀርመን ጦር የተቀበለው የወታደር ድስት በኩላሊት ቅርጽ የተሠራ ከአሉሚኒየም የሆነ፣ ክዳኑም እንደ መጥበሻ የሚያገለግል ነበር። ይህ አሳብ ዛሬም አላረጀም።

ይኸው ድስት በደጋ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ጅቡቲ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ በሚደርሰው በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው እየተንተከተከ ባቄላው ጥሬ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ክክ ምስርን የመሰለ ቶሎ የሚበስል እህል ይያዝ፤ ክዳኑንም አይርሳ።

እናቶቻችን ለዘማች ያዘጋጁት የነበረው ስንቅ ራሱ ታላቅ ትምህርት አለው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ለዘመተው ሠራዊት መንገዱ ረጅም ነበር፤ ስንቅ በማዘጋጀትና በማብሰል የተከተሉት ሴቶችም ብዙዎች ነበሩ። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ድርቆሽ በጥቂት ፍል ውሃ ይርሳል፤ የሚደፋ ውሃም የለውም። ፓስታ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ግን በምድረ በዳ የማይቻል ብክነት ነው። በቅቤ የተለወሰው ጭኮ በደጋ ድንቅ ስንቅ ቢሆንም በጅቡቲ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ከረጢቱን ያበላሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንጨምር አናልፍም። ነፋስ በረታ ብሎ ምድጃን ወይም ከሰልን ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኪና ጋቢና ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ የሚቀሰቅሰው የለውም። ነፋሱን በድንጋይ ከለላ መከላከል ይበቃል።

በመጨረሻም ባልና ሚስት ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት ከረጢቱን አብረው ይመዝኑት፤ በዚያችው ትንሽ ድስት ግቢ ውስጥ አንድ ራት ሠርተው ይብሉ። ያልተጠቀሙበት ዕቃ ከቤት ይቅር፤ በቦታውም ውሃ ይሞላበት። ቤት የቀረው ትልቁ ድስት መንገደኛው በሰላም ሲመለስ ለመላው ቤተሰብ ይጣዳል።