የእጅ ሞርሳ በልክ ስለ መምረጥ

ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ዳር ለሚሠሩ ጠጋኞችና ቁልፍ ቀራጮች ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ፥ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ «ሞርሳ፥ 1» ተብሎ ቢጻፍለት የትኛውን እንደሚልክ አያውቅም። በጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ሌላ፥ በመዳፍ የሚጨበጠው ሌላ ነው። የተሳሳተው ዕቃ ዳገቱን መልሶ ሲወጣ የማጓጓዣው ኪሳራ የነጋዴው ይሆናል።

የእጅ ሞርሳ ቁልፍ ሲሞረድ ወይም ትንሽ ላሜራ ሲበሳ በጣት ፈንታ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ላሜራ በባዶ እጅ ተይዞ በትራፓኖ ሲበሳ፥ መብሻው ነክሶ በቅጽበት ያዞረዋል፤ ጠርዙም ጣትን ይቈርጣል።

ብዙ ገዢዎች ትልቁን ይመርጣሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱ መንጋጎች ከግርጌ በማጠፊያ የተያያዙ ስለ ሆኑ የሚከፈቱት እንደ ወረንጦ ነው። እጅግ ሲከፈቱ አፋቸው ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ወፍራሙን ዕቃ በታችኛው ጠርዙ ብቻ ስለሚነክሱት ያመልጣል። ስለዚህ የዕቃው ውፍረት ከሞርሳው ሙሉ አከፋፈት ከግማሽ ባይበልጥ ይሻላል፤ ከዚያ የወፈረው ለጠረጴዛው ሞርሳ ይተው። ትንሽ ዕቃም በሰፊ መንጋጋ ዳር ሲያዝ መንጋጋውን ያጣምመዋልና መካከል ላይ ይግባ። ለቁልፍና ለላሜራ የመንጋጋው ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። የተወለወለ ዕቃ እንዳይጫር ስስ መዳብ ጣልቃ ይደረግለታል።

እንግዲህ ደንበኛው «የእጅ ሞርሳ፥ የመንጋጋ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር» ብሎ፥ የሚይዝበትን ዕቃ ውፍረት ጨምሮ ይጻፍ።